አራት አንቀጽ እና አንድ ሚሊዮን ዶላር፦ የዶቨር ትምህርት ቤት ጉዳይ

ይህን ጉዳይ ለምን መረጥኩ

ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ዝግመተ ለውጥ የሚለው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ የክፍሉ አየር ይቀየራል። ዓመቱን ሙሉ ዝም ብለው የቆዩ ልጆች እጃቸውን ያወጣሉ። "ቲቸር፣ እርስዎ ግን ያምኑበታል?" ይሉኛል። ጥያቄው የባዮሎጂ አይደለም። ልጆቹ ማወቅ የሚፈልጉት ከማን ጋር እንደቆምኩ ነው።

ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ ሳፈላልግ ነው የዶቨርን ጉዳይ ያገኘሁት። ዶቨር በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ዮርክ አውራጃ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በ2004 እና በ2005 እዚያ የሆነው ነገር በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ማን ምን እንዳለ፣ በየትኛው ስብሰባ እንዳለ፣ ቼኩ በማን ስም እንደተጻፈ ሳይቀር ተመዝግቧል። ስለ ፍጥረትና ስለ ሳይንስ ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ። ብዙውን ጊዜ ተከራካሪዎቹ የየራሳቸውን ተናግረው ይለያያሉ። እዚህ ግን ሁለቱም ወገን ማለ። በመስቀለኛ ጥያቄ ተፈተሸ። ያለውን ማስረጃ ሁሉ አቀረበ።

የሰዎቹን ስም አልጠቅስም። ስማቸው የአደባባይ ነው፤ ለእኛ የሚጠቅመን ግን የሄዱበት መንገድ ነው። ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው

የዶቨር ትምህርት ወረዳ ወደ 3,700 ተማሪዎች ነበሩት። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አንድ ብቻ ነው፤ ወደ 1,000 ልጆች ይማሩበት ነበር። ወረዳውን የሚመራው ነዋሪው የሚመርጠው ቦርድ ነው። ዘጠኝ አባላት አሉት። አባል ለመሆን መምህር ወይም ሳይንቲስት መሆን አይጠበቅም። ቦርዱ ግን በጀት ያጸድቃል፣ መጽሐፍ ይገዛል፣ በሥርዓተ ትምህርት ላይም ይወስናል።

የሕጉን ነገር በአጭሩ ልንገራችሁ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው ማሻሻያ መንግሥት አንድን ሃይማኖት እንዳያቋቁም ይከለክላል። የሕዝብ ትምህርት ቤት የመንግሥት ስለሆነ ክልከላው እሱንም ይነካል። በዚህ መሠረት የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1968 ዝግመተ ለውጥ እንዳይማር የሚከለክለውን የአርካንሶ ሕግ ሻረ። በ1987 ደግሞ የሉዊዚያናን ሕግ ሻረ። ይህኛው ሕግ ዝግመተ ለውጥ የሚያስተምር ትምህርት ቤት "የፍጥረት ሳይንስ"ንም፣ ማለትም የመጽሐፍ ቅዱሱን የፍጥረት ታሪክ በሳይንስ መልክ፣ እኩል እንዲያስተምር ያዝ ነበር። ይህን 1987 ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በዶቨር ነገሩ የጀመረው ቀስ ብሎ ነው። በ2002 መጀመሪያ ቦርዱ ባደረገው የዕቅድ ስብሰባ ማስታወሻ ላይ ከአንድ አባል ስም ጎን "የፍጥረት ትምህርት" የሚል ተጽፏል። በ2003ም በተመሳሳይ ስብሰባ ያው ሰው ያንኑ አነሳ። በዚያው 2002 አንድ ሥዕል ከሳይንስ ክፍል ተወስዶ ተቃጠለ። ሥዕሉ አምስት ሜትር ገደማ ርዝመት ነበረው። የሰውን ዝግመተ ለውጥ ያሳያል። አንድ ተማሪ ለመመረቂያው ሠርቶ ለትምህርት ቤቱ የሰጠው ነበር። ያቃጠለው የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ነው።

መምህራኑ በዚህ ደነገጡ። ያን ጊዜ ግን ነገሩ የት እንደሚደርስ የገመተ አልነበረም።

ችግሩ እንዴት ተባባሰ

በ2004 ክረምት መምህራኑ አዲስ የባዮሎጂ መጽሐፍ እንዲገዛ ጠየቁ። የቦርዱ የሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴ ሰብሳቢ መጽሐፉ በዳርዊን ሐሳብ፣ ማለትም በዝግመተ ለውጥ፣ የተሞላ ነው ብሎ ተቃወመ። በሰኔ ስብሰባ ላይ፣ ከ2,000 ዓመት በፊት አንድ ሰው በመስቀል ላይ ሞቷል፣ ለእሱ የሚቆም ሰው የለም ወይ ብሎ ተናገረ። የአካባቢው ጋዜጠኞች ዘገቡት።

በነሐሴ ስብሰባ ሰብሳቢው ሌላ የማጣቀሻ መጽሐፍ አብሮ ካልተገዛ የባዮሎጂው መጽሐፍ አይገዛም አለ። ማጣቀሻው የሚያስተምረው "ኢንተለጀንት ዲዛይን" የሚባለውን ሐሳብ ነው። ሐሳቡ እንዲህ ይላል፦ ሕያዋን ነገሮች ውስብስብ ስለሆኑ የሆነ ብልህ ንድፍ አውጪ ሠርቷቸዋል። ንድፍ አውጪው ማን እንደሆነ ግን አይናገርም። ድምፁ 4 ለ 4 ሆነ። በኋላ አንዲት አባል ድምጿን ቀይራ የባዮሎጂው መጽሐፍ ተገዛ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የማጣቀሻው መጽሐፍ 60 ቅጂ ለትምህርት ቤቱ በስጦታ መጣ። ከማን እንደመጣ አልተነገረም።

በዚያው በነሐሴ የቦርዱ የራሱ የሕግ አማካሪ በጽሑፍ አስጠነቀቀ። ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ በሃይማኖት ምክንያት የተጀመረ ስለሚመስል ማሸነፍ ይከብዳል አለ። ነፃ ጠበቃ ብታገኙ እንኳ ከተሸነፋችሁ የከሳሾቹን ወጪ የሚከፍለው ወረዳው ነው ብሎም ነገራቸው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይሄ ነበር። አልሰሙትም።

ጥቅምት 18 ቀን 2004 ቦርዱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ውሳኔ አሳለፈ። ተማሪዎች በዳርዊን ሐሳብ ውስጥ ስላሉ ክፍተቶችና ስለ ሌሎች አማራጮች፣ ኢንተለጀንት ዲዛይንን ጨምሮ፣ እንዲያውቁ ይደረጋል የሚል ነው። ከተቃወሙት መካከል ባልና ሚስት የሆኑ ሁለት አባላት በዚያው ምሽት ሥራቸውን ለቀቁ። ሚስትየው በመልቀቂያ ንግግሯ ላይ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ "ዳግም ተወልደሻል ወይ?" ተብዬ ተጠይቄያለሁ አለች። አንድ የቦርድ አባል ሌላውን ይህን የመጠየቅ መብት የለውም አለች። ይህ ጥያቄ ምን ያህል እንደሚከብድ ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በስብሰባ አዳራሽ ሲጠየቅ ደግሞ "አንቺ ከእኛ ነሽ ወይ?" ማለት ነው።

በኅዳር ወር አራት አንቀጽ ያለው መግለጫ ወጣ። ዝግመተ ለውጥ ከመማሩ በፊት ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች እንዲነበብ ታዘዘ። መግለጫው የዳርዊን ንድፈ ሐሳብ ንድፈ ሐሳብ ነው እንጂ የተረጋገጠ እውነት አይደለም ይላል። ክፍተቶች አሉበት ይላል። ሌላ ማብራሪያ የፈለገ ተማሪ የማጣቀሻውን መጽሐፍ ማየት ይችላል ይላል። ስለ ሕይወት አመጣጥ የሚደረገውን ውይይት ደግሞ ለተማሪውና ለቤተሰቡ ይተወዋል።

መምህራንና ወላጆች ምን አደረጉ

መምህራኑ መጀመሪያ የሞከሩት መቻቻልን ነው። ቦርዱ የሰጣቸውን ቪዲዮ አዩ። ማጣቀሻው በክፍል ውስጥ መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጥ ተስማሙ። ኢንተለጀንት ዲዛይንን የማይጠቅስ ለስለስ ያለ ረቂቅም አቀረቡ። ነገሩ ይበርዳል ብለው ነበር። አልበረደም። አንድ እርምጃ ሲሰጡ ቦርዱ ሌላ ጠየቀ።

ጥር 6 ቀን 2005 ግን ቆሙ። የሳይንስ መምህራኑ መግለጫውን አናነብም የሚል ደብዳቤ ፈርመው ለወረዳው ኃላፊ ሰጡ። ኢንተለጀንት ዲዛይን ሳይንስ አይደለም ብለው በትላልቅ ፊደላት ጻፉ። የሙያ ሥነ ምግባራችን የማናምንበትን ነገር እንደ ሳይንስ ለልጆች እንድናቀርብ አይፈቅድም አሉ። ደብዳቤውን ሳነብ ለረጅም ጊዜ አሰብኩ። ደመወዛቸውን የሚከፍል አካል ያዘዘውን አናደርግም ማለታቸው ነው። ከተማዋም ትንሽ ናት፤ ቦርዱንም ወላጆቹንም ገበያ ላይ ያገኟቸዋል።

ጥር 18 ቀን አስተዳዳሪዎች ራሳቸው ክፍል ገብተው አነበቡ። መምህራኑ ወጡ። መስማት ያልፈለጉ ተማሪዎችም ወጡ። አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ አሳዝኖኛል። ተማሪዎቹ ጥያቄ መጠየቅ አልተፈቀደላቸውም። መምህሩም ኋላ ላይ እንዳይመልስላቸው ተደረገ። አእምሯችሁን ክፍት አድርጉ የሚል መግለጫ ተነበበላቸው፤ ከዚያ ውይይት የለም ተባሉ። እንደ መምህር ከዚህ የከፋ የትምህርት ዘዴ አይታየኝም። ለ14 ዓመት ልጅ "ይህ የተማርከው ነገር ላይ ጥርጣሬ አለ" ብሎ ጥርጣሬው ምን እንደሆነ አለመንገር ልጁን ባዶ ሜዳ ላይ መጣል ነው።

አሥራ አንድ ወላጆች ከዚያ ቀደም ብለው፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2004፣ ክስ መሥርተው ነበር። የሲቪል መብት ድርጅቶችና አንድ ትልቅ የጠበቆች ቢሮ ቆሙላቸው። ከከሳሾቹ መካከል በቤተ ክርስቲያናቸው ለልጆች መጽሐፍ ቅዱስ የሚያስተምሩ ነበሩ። ኢንተለጀንት ዲዛይንን የሚያስፋፋው ዋናው ተቋም እንኳ የዶቨር ቦርድ ፖሊሲውን እንዲያነሳ በይፋ ጠይቋል።

ችሎቱ ላይ የቀረበው ማስረጃ

ችሎቱ መስከረም 26 ቀን 2005 በሃሪስበርግ ፌደራል ፍርድ ቤት ተጀመረ። እስከ ኅዳር 4 ቆየ። ዳኛው ሪፐብሊካን ናቸው። የሾሟቸውም ሪፐብሊካን ፕሬዚዳንት ናቸው። ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ሰው ናቸው። የከሳሾቹ የመጀመሪያ ሙያዊ ምስክር የሆነው ባዮሎጂስትም አማኝ ካቶሊክ ነው። ሌላው ምስክራቸው ደግሞ የሥነ መለኮት ሊቅ ነበር። እሱ ኢንተለጀንት ዲዛይን ሃይማኖታዊ ሐሳብ ነው ብሎ መሰከረ።

ከቀረበው ማስረጃ ሁሉ እኔን የያዘኝ የክሮሞዞሙ ነው። ክሮሞዞም በሕዋስ ውስጥ ዘረመልን የሚሸከም ክር ነው። ሰው 46 ክሮሞዞም አለው፤ 23 ጥንድ ማለት ነው። ቺምፓንዚ፣ ጎሪላና ኦራንጉታን ግን 48 አላቸው፤ 24 ጥንድ። እነዚህ እንስሳትና ሰው የጋራ ቅድመ አያት ካላቸው አንዱ ጥንድ የት ሄደ? ዝም ብሎ ጠፋ ማለት አይቻልም። ያን ያህል ዘረመል የጎደለው ፅንስ አይተርፍም። ስለዚህ ዝግመተ ለውጥ አንድ ነገር ለመተንበይ ይገደዳል። በሰው የዘር ሐረግ ውስጥ ሁለት ክሮሞዞሞች ተገጣጥመው አንድ መሆን አለባቸው። ከተገጣጠሙ ደግሞ የግጥሚያው ጠባሳ መገኘት አለበት። ካልተገኘ የጋራ ቅድመ አያት የሚለው ሐሳብ ከባድ ችግር ይገጥመዋል።

ጠባሳው ምን ይመስላል? የክሮሞዞም ሁለቱም ጫፎች ላይ ቴሎሜር የሚባል ተደጋጋሚ የዲኤንኤ ቅደም ተከተል አለ። ሥራው ጫፉን መጠበቅ ነው። ለተማሪዎቼ በነጠላ ነው የማስረዳው። ነጠላ ጫፉ ካልተቋጨ ይተረተራል። የተቋጨውን ጫፍ ካያችሁ ጨርቁ እዚያ እንደሚያልቅ ታውቃላችሁ። አሁን ሁለት ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ብትሰፉ ምን ይሆናል? የተቋጨው ጫፍ መሀል ላይ ይገኛል። ማንም ያየ ሰው "ይሄ ሁለት ነጠላ ነበር" ይላል። ከዚህ ሌላ እያንዳንዱ ክሮሞዞም ሴንትሮሜር የሚባል አንድ ማሰሪያ አለው። ሁለት ከተገጣጠሙ ሁለት ማሰሪያ፣ ወይም የሁለተኛው ቅሪት፣ መታየት አለበት።

ተመራማሪዎች ፈለጉ። በሰው ክሮሞዞም ቁጥር ሁለት ላይ አገኙት። ቴሎሜሩ መሀል ላይ አለ። የሁለተኛው ሴንትሮሜር ቅሪትም አለ። በቺምፓንዚ ውስጥ ደግሞ ከዚህ ክሮሞዞም ሁለት ክፍሎች ጋር የሚገጥሙ ሁለት የተለያዩ ክሮሞዞሞች አሉ። የቺምፓንዚ ዘረመል የመጀመሪያ ረቂቅ ንባብ የታተመው ችሎቱ ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነበር። ምስክሩ ይህን ለዳኛው ሲያስረዳ መናገር የፈለገው "ዳርዊን ልክ ነው" ብቻ አልነበረም። ሳይንስ እንዴት እንደሚሠራ እያሳየ ነበር። ሐሳቡ አስቀድሞ አንገቱን ለሰይፍ ሰጥቶ ነበር፤ ፈተናውን አለፈ።

ተከላካዮቹም ምስክር ነበራቸው። ዋናው የባዮኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ነው። የእሱ ክርክር እንዲህ ነበር፦ አንዳንድ የሕዋስ መሣሪያዎች አንድ ክፍላቸው ከተነሳ ጨርሶ አይሠሩም። እንደ አይጥ ወጥመድ ናቸው። ስለዚህ ቀስ በቀስ ሊገነቡ አይችሉም። ምሳሌው የባክቴሪያ ፍላጀለም ነበር። ፍላጀለም ባክቴሪያ የሚዋኝበት እንደ ሞተር የሚሽከረከር ጅራት ነው። ሐሳቡ ሲሰሙት ያሳምናል። እኔም መጀመሪያ ስሰማው አሳስቦኛል። ግን የፍላጀለሙን የተወሰኑ ፕሮቲኖች የሚመስሉ ፕሮቲኖች በሌሎች ባክቴሪያዎች ውስጥ ሌላ ሥራ ሲሠሩ ይገኛሉ። መርዝ ወደ ሌላ ሕዋስ የሚወጋ መርፌ ሆነው ያገለግላሉ። እንግዲህ ክፍሎቹ ለብቻቸው ሥራ አላቸው። የወጥመዱ ክርክር እዚህ ላይ ይሰበራል።

ፕሮፌሰሩ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት እንዴት በዝግመተ ለውጥ እንደመጣ ሳይንስ መልስ የለውም ብሎ ጽፎ ነበር። የከሳሽ ጠበቃ በመስቀለኛ ጥያቄ 58 የምርምር ጽሑፎችና በርካታ መጻሕፍት አምጥቶ ፊቱ ቆለለለት። ፕሮፌሰሩ በቂ አይደሉም አለ። ከዚያ ስለ ሳይንስ ትርጉም ተጠየቀ። በእሱ ሰፊ ትርጉም ኮከብ ቆጠራም ሳይንሳዊ ንድፈ ሐሳብ ሊባል እንደሚችል አመነ። ኢንተለጀንት ዲዛይንን ሳይንስ ውስጥ ለማስገባት በሩን ሲያሰፉት ሌላም ብዙ ነገር አብሮ ይገባል።

አሁን ወደ 1987 እንመለስ። የማጣቀሻው መጽሐፍ የታተመው በ1989 ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ረቂቆች ነበሩት። ፍርድ ቤቱ አስቀረባቸው። አንዲት የፍልስፍና ምሁር ረቂቆቹን ጎን ለጎን አድርጋ አነጻጸረች። ከ1987ቱ ፍርድ በፊት በነበሩት ረቂቆች ውስጥ "ፍጥረት" እና ከእሱ የወጡ ቃላት 150 ጊዜ ያህል ነበሩ። ከፍርዱ በኋላ በነበሩት በቦታቸው "ኢንተለጀንት ዲዛይን" ገብቷል። ትርጉሙ ያው ነው፤ የተቀየረው ስሙ ብቻ ነው። በአንድ ቦታ አርታዒው ቃሉን ሲቀይር ሳያጠራው ቀርቷል። የአሮጌው ቃል መጀመሪያና መጨረሻ አዲሱን ከሁለት በኩል አቅፈውት ቀርተዋል። የአንድ ሐሳብን ታሪክ እንደ ቅሪተ አካል ያስቀረ ስሕተት ነው።

ቃለ መሐላው

ቦርዱን ይበልጥ የጎዳው ግን ሳይንሱ አልነበረም። በጥር 2005 በተሰጠ ቃል ላይ ሁለቱ ግንባር ቀደም አባላት 60ዎቹ መጻሕፍት ከየት እንደመጡ እንደማያውቁ በመሐላ ተናግረው ነበር። ኋላ ቼኩ ተገኘ። የኮሚቴው ሰብሳቢ በቤተ ክርስቲያኑ ቆሞ ገንዘብ እንደሚያስፈልግ ተናግሯል። 850 ዶላር ተሰብስቧል። ቼኩ የተጻፈው በሌላኛው የቦርድ አባል አባት ስም ነው። ሰብሳቢው በአደባባይ ስለ "ፍጥረት ትምህርት" ተናግሬ አላውቅም ሲል የቴሌቪዥን ቃለ ምልልሱ በችሎት ተከፈተ። እዚያ ላይ ቃሉን በግልጽ ሲናገር ይሰማል። ስለ ገንዘቡ ደግሞ ዳኛው ራሳቸው አንዱን አባል በቀጥታ ጠየቁት።

አማኝ ሆኜ ይህን ስጽፍ ከባድ ነው። ለእምነታቸው ብለው የጀመሩ ሰዎች እምነታቸው የሚከለክለውን ሠሩ። ዳኛውም በፍርዳቸው ይህንኑ ጠቅሰዋል። ድጋፍ ከሰጡት አባላት መካከል ኢንተለጀንት ዲዛይን ምን እንደሆነ በቅጡ ያልተረዱ እንደነበሩም ከምስክርነታቸው ታየ። ያጸደቁት ሌሎቹ ስለደገፉት ነው።

ውጤቱ

ኅዳር 8 ቀን 2005፣ ፍርዱ ሳይሰጥ፣ የቦርድ ምርጫ ተካሄደ። ለውድድር ከቀረቡት ነባር አባላት ስምንቱም ተሸነፉ። የዶቨር ነዋሪ ከዳኛው ቀድሞ ተናገረ።

ታኅሣሥ 20 ቀን ባለ 139 ገጽ ፍርድ ወጣ። ፖሊሲው የመጀመሪያውን ማሻሻያ ይጥሳል። ኢንተለጀንት ዲዛይን ሳይንስ አይደለም፤ ከፍጥረት ትምህርት ሥሩም ሊላቀቅ አይችልም። አዲሱ ቦርድ ይግባኝ አላለም፤ በጥር 2006 ፖሊሲውን ሻረ። ወረዳው 1,000,011 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። አንድ ሚሊዮኑ የሕግ ወጪ ነው። አሥራ አንዱ ዶላር ለአሥራ አንዱ ወላጆች ነው፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዶላር። ትክክለኛው ወጪ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነበር፤ ከሳሾቹ ቀነሱላቸው።

የሠራው እና ያልሠራው

የሠራው የወላጆቹ መዝገብ አያያዝ ነው። የስብሰባ ማስታወሻ፣ የጋዜጣ ዘገባ፣ ቼክ፣ ረቂቅ። ያለ እነዚህ ነገሩ "ብለሃል፣ አላልኩም" ሆኖ ይቀር ነበር። ሌላው የሠራው ማስረጃን በተራ ሰው ቋንቋ ማቅረብ ነው። ዳኛው የሕግ ሰው ናቸው፤ የፍላጀለሙንና የሰውነት መከላከያ ሥርዓቱን ጉዳይ ግን በፍርዳቸው ሊያብራሩ ቻሉ። ይህ የሆነው ምስክሮቹ እንደ ጥሩ መምህር ስላስረዷቸው ነው።

ያልሠራው የመምህራኑ የመጀመሪያ መለሳለስ ነው። ማጣቀሻው መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ ማለታቸው ሰላም ለመፍጠር ነበር። ቦርዱ ግን ተስማምተዋል ብሎ ተጠቀመበት። አልወቅሳቸውም። እኔም በቦታቸው ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር ብዬ እፈራለሁ።

ሌላም አለ። ፍርድ ቤት ፖሊሲ መሻር ይችላል፤ የሰው ልብ ግን አያስለውጥም። ከተማዋ ተከፋፈለች። ጎረቤት ከጎረቤት ተኳረፈ። ዳኛው የግድያ ዛቻ ደረሳቸው፤ ለእሳቸውና ለቤተሰባቸው ጥበቃ ተመደበ። ፍርዱም በሕግ የሚያስገድደው በዚያ የፍርድ ቤት ክልል ብቻ ነው። ሌሎች ግዛቶች ውስጥ ተመሳሳይ ሙከራ በሌላ ስም ቀጥሏል።

ወደ ራሴ ክፍል ስወስደው

የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተፅዕኖ ነፃ መሆን አለበት ይላል። አንቀጹን ጠቅሶ ማለፍ ቀላል ነው። ክፍል ውስጥ የሚያስቸግረው ቋንቋው ነው። የዶቨሩ መግለጫ "ንድፈ ሐሳብ ነው እንጂ እውነት አይደለም" ማለቱ በአማርኛ ይብሳል። ምክንያቱም "ሐሳብ" የሚለው ቃል ውስጡ አለ። ልጆቹ "እንግዲያው የአንድ ሰው ሐሳብ ነው" ይላሉ። አሁን ምዕራፉን ከመጀመሬ በፊት አንድ ሰዓት ሙሉ በዚህ ቃል ላይ አጠፋለሁ። በሽታ በተሕዋስያን ይመጣል የሚለውም ንድፈ ሐሳብ ነው እላቸዋለሁ። ቁስ ከአተም ተሠርቷል የሚለውም እንዲሁ። ንድፈ ሐሳብ ማለት ብዙ እውነታዎችን አንድ ላይ የሚያስረዳና ደጋግሞ የተፈተነ ማብራሪያ ነው።

ሁለተኛው ቃል "ዝንጀሮ" ነው። ሁሉም ልጅ "ሰው ከዝንጀሮ መጣ" የሚለውን ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ሳይንስ እንደዚያ አላለም። ሰውና ቺምፓንዚ የጋራ ቅድመ አያት ነበራቸው ነው የሚለው። ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት መንገዳቸው ተለያየ። ዝንጀሮ ደግሞ ከሁለቱም ይርቃል። ይህን ስናጠራ የክፍሉ ቁጣ ግማሹ ይወጣለታል። ልጆቹን ያስቆጣቸው ሳይንስ ያላለው ነገር ነበር።

ስለ ዓለም ዕድሜም ይጠይቁኛል። በባሕረ ሐሳብ ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5,500 ዓመት ነው ይሉኛል። ትክክል ነው፤ ዓመተ ዓለም እንደዚያ ይቆጠራል። እኔም በአዲስ ዓመት በዓል ሲታወጅ በደስታ እሰማዋለሁ። ግን አንድ ነገር አክልላቸዋለሁ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አንድ የአየርላንድ ሊቀ ጳጳስ ዓለም የተፈጠረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4004 ነው ብሎ ቆጥሯል። ሁለቱም ቅዱሳት መጻሕፍትን ይዘው ነው የተነሱት። ልዩነታቸው ወደ 1,500 ዓመት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ የእምነቱ ሙሉ መሠረት እንዳልሆነ ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል። ከዚያ ወደ አፋር እንሄዳለን። ድንቅነሽ በ1974 ሐዳር ላይ ተገኘች። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። ዕድሜው የታወቀው በዙሪያዋ ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ውስጥ ፖታሲየም በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ይቀየራል። ይህን ማንም፣ የየትኛውም እምነት ሰው፣ በላቦራቶሪ ሊለካው ይችላል።

ተማሪ "ያምኑበታል?" ሲለኝ ከዶቨር በፊት እሸሽ ነበር። "ለፈተና አጥኑት" እል ነበር። አሁን እንዲህ እላለሁ፦ እግዚአብሔር አለ ወይ ለሚለው ይህ ምዕራፍ መልስ አይሰጥም። ያን ከቤተሰባችሁ፣ ከቄሳችሁ፣ ከፓስተራችሁ፣ ከሼኽችሁ ጋር ተነጋገሩ። እዚህ ግን ማንኛውንም ጥያቄ ጠይቁ። የማላውቀውን ፈልጌ እመጣለሁ። በዶቨር የተከለከለው ይህ ነበርና እኔ ክፍል ውስጥ በፍጹም አይከለከልም።

ከዚያ ወረቀት እናወጣለን። 24 ቁራጭ ለቺምፓንዚ፣ 23 ለሰው። ቴሎሜሩን በቀይ፣ ሴንትሮሜሩን በሰማያዊ ይቀባሉ። ሁለቱን ቁራጭ ራሳቸው ይለጥፋሉ፤ ቀዩ መሀል ላይ ሲመጣ ራሳቸው ያያሉ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። በዕቅዱ ለዚህ የተመደበለት ጊዜ የለም። እኔ ሁለት ክፍለ ጊዜ እሰጠዋለሁ።